ሽሮን ለቀዶ ሕክምና እያዘጋጀኋት ነው፤ ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ

የሽሮ አሳዳጊ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ከልጆቼ ጋር ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎች (ከአይጥ ወገን የሆኑ ትንንሽ ለማዳ እንስሳት) ማሳደግ ከጀመርን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ልጆቹ ቀለማቸውን አይተው አንዷን ሽሮ፣ ሌላዋን በርበሬ ብለው ሰይመዋቸዋል።

ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ በሽሮ ግራና ቀኝ ጎን ላይ ያለው ፀጉር በሁለቱም በኩል በእኩል መጠን እየሳሳ ሄዶ አሁን ቆዳዋ በግልጽ ይታያል፤ ሆዷም ተነፍቷል። ከጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ እከክ ነው ሲሉኝ ሌሎቹ አርግዛለች አሉኝ። ይሁን እንጂ ቆዳዋ አልቆሰለም፣ ስታክክም አላየኋትም፤ በርበሬም ሴት ስለሆነች እርግዝናው ከየት እንደመጣ ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው አልነበረም። ይባስ ብሎ ገራም የነበረችው ሽሮ በርበሬን እያሳደደች እንደ ወንድ ላይዋ ላይ መውጣት ጀመረች።

ባለፈው ሳምንት ቢሾፍቱ የሚሠሩ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስጃት በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት፣ በግራው እንቁልጢዋ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በቀኙ ላይ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ውሃ የቋጠረ ሲስት ተገኘባት። ክብደቷ 940 ግራም ነው። ሐኪሙ ቅን ሰው ናቸው፤ በበጎችና በውሾች ላይ ብዙ ቀዶ ሕክምና እንደሠሩ፣ ጊኒ ፒግ ግን ሽሮ የመጀመሪያቸው እንደምትሆን ሳይደብቁ ነገሩኝ። የመጪው ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ተይዞልናል።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ይህን ነው። እንደ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ምግብ ልከልክላት? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይም በዚህ በኅዳር ብርድ፣ ምን ማድረግ አለብኝ? በርበሬንስ ልለያት? «ለአንዲት አይጥ ይህን ያህል ወጪ» የሚለውን ምክር ከዘመዶቼ በበቂ ሁኔታ ስለሰማሁት እሱን ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል።


ሐኪም ዘገላን

እህታችን፣ ሐኪሙ የመጀመሪያዬ ናት ብለው መናገራቸውን እንደ መልካም ምልክት ይውሰዱት፤ ያላወቀውን አላውቅም የሚል ሰው ከመቁረጡ በፊት ያነባል። እኔም የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ከዕለት ሥራዬ አብዛኛው ከብትና አህያ ቢሆንም ጥቂት ጊኒ ፒጎችን አክሜያለሁ።

በመጀመሪያ ሕመሙን በተመለከተ፣ ሽሮ ላይ የደረሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ተኩል ባለፈ ሴት ጊኒ ፒጎች ላይ የእንቁልጢ ሲስት እጅግ የተለመደ ነው። አንደኛው ዓይነት ንጹሕ ውሃ የሚቋጥርና ራሱ ሆርሞን የማያመነጭ ሲሆን፣ ሌላው ከእንቁላል ከረጢቱ የሚነሣና ሆርሞን የሚያመነጭ ነው። ፀጉር በሁለቱም ጎን እኩል መርገፉና የጠባይዋ መለወጥ ሁለተኛው ዓይነት ሊኖርባት እንደሚችል ያመለክታሉ፤ ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ እንስሳ ላይ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ። ይህን የምገልጸው «በሆርሞን መርፌ ይድናል» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት ብዬ ነው። መርፌው የሚሠራ ከሆነ የሚሠራው ለሁለተኛው ዓይነት ብቻ ነው። ውሃውን በመርፌ መቅዳትም ለጊዜው ያስተነፍሳታል እንጂ ከረጢቱ ተመልሶ ይሞላል። ዘላቂው መፍትሔ እንቁልጢዎቹን ማውጣት ስለሆነ ውሳኔዎን እደግፋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እባክዎ ከዋዜማው ጀምሮ አያስርቧት። ሰው የሚጾመው በማደንዘዣ ውስጥ እንዳያስመልሰው ነው፤ ጊኒ ፒግ ግን ማስመለስ አትችልም። በጎች እንደሚያመሰኩት አታመሰኳም፤ የምግቧ መብላላት እንደ ፈረስ በኋለኛው የአንጀት ክፍል የሚካሄድ በመሆኑ አንጀቷ ያለማቋረጥ ሣር ካልገባለት ይቆማል፣ አንዴ ከቆመም ማስነሣቱ ከቀዶ ሕክምናው ራሱ ይከብዳል። ድርቆሹ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፊቷ አይለይ፤ ለቀዶ ሕክምናው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቀር ብቻ ይነሣላት። የታኘከ ምግብ በጉንጮቿ ውስጥ የመያዝ ጠባይ ስላላት፣ ከማደንዘዣው በፊት አፏ በጥቂት ውሃ ቢታጠብ መልካም ነው። ጉሮሮዋ ጠባብ ስለሆነ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ኦክስጅን በጭንብል ማግኘት መቻሏን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሐኪሙን ሳይጠይቁ የማያልፉት ሌላው ጉዳይ የቁስል ማድረቂያው ነው። በእኛ አገር የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች መጀመሪያ እጅ የሚገባው ፔንስትሬፕ (ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀሉበት መርፌ) ነው፤ በሬን የሚያድን ይህ መድኃኒት ጊኒ ፒግን ይገድላል። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊን፣ እንዲሁም ሊንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲን በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጨርሰው መርዝ አመንጪዎቹ እንዲራቡ ያደርጋሉ። የግድ ካስፈለገ ኤንሮፍሎክሳሲን ወይም ትራይሜቶፕሪም ያለበት ሰልፋ የተሻለ ምርጫ ነው። ይህን ለሐኪሙ ማስታወስ ድፍረት አይሆንብዎትም፤ እኔ ብሆን ባመሰግንዎት ነበር።

ሆዷ ከመሃል ይከፈት ወይስ በሁለቱ ጎኖቿ ከጎድን አጥንቷ ኋላ በትንሽ በትንሹ ይቀደድ የሚለውን ለሐኪሙ ይተዉት። በጎን በኩል ሲሠራ አንጀቷ ብዙ ስለማይነካ ቶሎ ታገግማለች፤ ማኅፀኗም ታሞ ከተገኘ ግን ከመሃል መክፈት የግድ ይሆናል።


የሰበታዋ

ዶክተር ስለ ፔንስትሬፕ የጻፉትን ሳነብ እንባዬ መጣ። የእኔዋ ከሁለት ዓመት በፊት ቀላል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በደኅና ነቅታ፣ ሣሯን በልታ ቤት ከገባች በኋላ፣ «ለጥንቃቄ» ተብሎ በተሰጣት የፔኒሲሊን መርፌ ምክንያት በአምስተኛው ቀን ተቅማጥ ይዟት ሞተችብኝ። የሠራላትን ክሊኒክ ስም ማንሣት አልፈልግም፤ በክፋት አልነበረምና። እርስዎ ግን የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ በዚያች ሰዓት ከጭንቀት የተነሣ አፍ ይተሳሰራል።

ስለ አመጋገቧ ልንገርዎ። ከነቃች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ራሷ መብላት ካልጀመረች በሲሪንጅ ማብላት ይኖርብዎታል። በውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ዱቄት አለ፤ እኔ ግን ንጹሕ ድርቆሽ በቡና መፍጫ አልሜ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ካራስኩት በኋላ በጥቂት የተቀቀለ ዱባ አላላው ነበር። ፉርሽካ ለመጨመር አይቸኩሉ፤ የሚያስፈልጋት የሣሩ ቃጫ ነው። ለ1 ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ድረስ፣ በአምስት ወይም በስድስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል። መርፌው የተነቀለለትን ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከፊት ጥርሶቿ ኋላ በጎን በኩል አስገብተው ጥቂት ይስጡና እስክታኝክና እስክትውጥ ይጠብቁ። በጀርባዋ አያስተኟት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። እኔ ማታ ማታ በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጣት ነበር፤ አንዱ ምግብ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ባለቤቴም «ለእኔ እንዲህ ተጨንቀሽ አታውቂም» ይለኝ ነበር።

ቫይታሚን ሲን ጊኒ ፒግ እንደ ሰው በሰውነቷ ውስጥ መሥራት ስለማትችል፣ ቁስል በሚድንበት ወቅት ከወትሮው የበለጠ ያስፈልጋታል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ተራ እንክብል ተፈጭቶ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢሟሟ 1 ሚሊ ሊትሩ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ለታመመች እንስሳ የአንድ ቀን መጠን ይህ ይበቃል። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፤ በመጠጫዋ ውሃ ውስጥ አይጨምሩት፣ ኃይሉ ቶሎ ይጠፋልና። ጎመንና የፈረንጅ ቃሪያም ይስጧት፤ የሚያቃጥለውን ቃሪያ ግን ለእርስዎ ወጥ ይተዉት።

የወጥ ቤት ሚዛን ካለዎት በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኗት። ከ940 ግራም 90 ግራም ያህል ከቀነሰች አንድ አሥረኛው ሄደ ማለት ስለሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪሙ ይደውሉ።


አባ ድርቆሽ፣ ከቡራዩ

ልጄ፣ እኔ ደግሞ የሌላውን ወገን ላንሣ። ሁሉም ጊኒ ፒግ ቢላዋ አይገባውም። የእኔዋ ሲስቱ ሲገኝባት ስድስት ዓመት ሊሆናት ነበር፤ ልቧም ደክሞ ነበር። ሐኪሜ ከማደንዘዣው ላትነቃ ትችላለች ስላሉኝ ለቀዶ ሕክምና አልፈቀድኩም፤ በአልትራሳውንድ እየታየ ሦስት ጊዜ ውሃው ተቀዳላት። በእያንዳንዱ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት እንደ ልጅነቷ ትሮጥ ነበር፤ ከዚያም ይሞላል። አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው በእርጅና ሄደች። አልጸጸትም። ልጆች ያሏት እናት «አስቀድጄ ገደልኳት» ብላ ራሷን እንዳትወቅስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

በርበሬን አትለያት፤ አብራት ትሂድ። እነዚህ እንስሶች ብቻቸውን ሲሆኑ መብላት ያቆማሉ።


ሐኪም ዘገላን

ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው፤ ለስድስት ዓመቷ እንስሳ እኔም ያንኑ እመክር ነበር። ሽሮ ግን ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ ክብደቷም ጥሩ ነው፤ ሲስቱ እስኪያድግና ሌላውን የሆድ ዕቃ እስኪያጨናንቅ መጠበቅ ዕድሏን ያጠበዋል። በእርጋታ መተንፈሷንና ሌላ ሕመም የሌለባት መሆኑን ሐኪሙ በዕለቱ ካረጋገጡ አይዘግዩ።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሽ እንስሳ በማደንዘዣ ውስጥ ሙቀቷን በፍጥነት ታጣለች፤ ሙቀቷ ከ37 ዲግሪ በታች ሲወርድ ንቃቷም ይዘገያል። መብራት ቢጠፋ እንኳ የሚሠራው ዘዴ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ በአንድ ጎኗ ብቻ ማስቀመጥ ነው። በሁለቱም ጎን ከሆነ ሲሞቃት መሸሻ ታጣለች። በረንዳው ለአሥር ቀን ያህል ይቅርባት፤ ከሥሯም ጭድ ሳይሆን ንጹሕ ፎጣ ይነጠፍላት፣ ጭዱ ስፌቷ ላይ ይጣበቃልና። የሕመም ማስታገሻውን ሜሎክሲካም ሐኪሙ በክብደቷ አስልተው ለተከታታይ ቀናት ያዝዙላት፤ የሚያማት እንስሳ አትበላምና። በቤትዎ ያለውን የሰው ማስታገሻ ግን አይስጧት።


የሽሮ አሳዳጊ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የዘገየሁት እንቅልፍ አጥቼ ስለነበር ነው።

ሐሙስ ጠዋት በርበሬን ጨምረን በአንድ ካርቶን በፈጣን መንገዱ ይዘናቸው ሄድን፤ ሽሮ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ድርቆሿን ትበላ ነበር። የጻፍኩትን ወረቀት ለሐኪሙ ስሰጣቸው ፈገግ ብለው ፔኒሲሊን እንደማይሰጡ አስቀድመው እንደወሰኑ ነገሩኝ፤ ወረቀቱን ግን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። በሁለቱ ጎኖቿ ተሠራላት። ትልቁን ሲስት ከማውጣታቸው በፊት ውሃውን ቀድተው አሳንሰውታል፤ ማኅፀኗ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል።

ሐሙስ ማታ ምንም አልቀመሰችም፤ ሌሊቱን በየሦስት ሰዓቱ በሲሪንጅ አበላኋት፤ ግማሹ በቀሚሴ ላይ ቀረ። ዓርብ ጠዋት 900 ግራም ነበረች፤ ቅዳሜ 885። ፍግ እስክትጥል ድረስ ቤተሰቡ በሙሉ ፎጣውን ሲፈትሽ ዋለ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ታናሹ ልጄ ሦስት ፍሬ አግኝቶ እየጮኸ ሲመጣ ጎረቤት የሎተሪ ዕጣ የደረሰን መስሎት ነበር። ቅዳሜ ማታ በርበሬ የምትበላውን ጎመን ነጥቃ በላች። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ 915 ግራም መዝናለች።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በቀኝ ጎኗ ያለው ስፌት ዙሪያ ጥቂት አብጧል፤ አይቀላም፣ አይሞቅም፣ ፈሳሽም የለውም። ስፌቱ የሚነሣው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ልጠብቅ ወይስ ነገ ይዣት ልሂድ?


ሐኪም ዘገላን

እየበላች፣ ክብደቷም እየጨመረ ከሆነ እስከ ነገ ማደር ይችላል። እብጠቱን ዛሬ ማታና ነገ ጠዋት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ለሐኪሙ ይላኩላቸው፤ ቢሰፋ፣ ቢቀላ ወይም ስትነካ ብትጮህ በዚያው ዕለት ይዘዋት ይሂዱ። ጎመን መንጠቋን አይከልክሏት።