አንቲቫይረሱ ኮምፒውተሬን አሰረው፤ ዛሬ ማታ የምልከው ሥራ አለኝ!

ቢጫ_ሻማ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ጀምሮ አላሠራ አለኝ። ዎርድ ስከፍት ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል ግን የነካሁት ነገር አይከፈትም። አንቲቫይረሱ ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ምልክቱ ይሽከረከራል፣ አይቆምም። «ኤንድ ታስክ» (ዝጋ) ስለው «አክሰስ ዲናይድ» (አይፈቀድም) ይለኛል። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ የምልከው ሥራ አለኝ። እንዴት ነው የሚጠፋው? ይህን የምጽፈው ከስልክ ነው።

ፎርማተኛው፦
ፎርማት አድርገው፣ ትገላገላለህ።

ቢጫ_ሻማ፦
ሥራው ያለው እኮ እዚያው ውስጥ ነው! ደግሞ ሴት ነኝ።

ዝም_ያለ_ፋን፦
ፎርማተኛው ለራስ ምታትም የሚያዘው ፎርማት ነው፣ ቅር አይበልሽ።

ሰርኬ፦
እህቴ፣ ተረጋጊ። ያልነገርሽን ብዙ ነገር አለ። ዊንዶውስ ስንት ነው? ራሙስ (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው)? ማከማቻው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ? አንቲቫይረሱ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ነው ወይስ ሌላ የተጫነ? አንድ ብቻ ነው? እስክትመልሺ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲስክ» የሚለውን ርዕስ ስትነኪው ዲስኩን አንቆ የያዘው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለውን ንገሪን።

መምህር_ባይት፦
ከማጥፋት በፊት መረዳት ይቀድማል። የመጀመሪያው የፒሲ ቫይረስ የሚባለው ብሬይን በ1986 እ.ኤ.አ. ብቅ ሲል በፍሎፒ ዲስክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር የሚዛመተው። ያኔ ፍሎፒውን ፈትሾ መመለስ ይበቃ ነበር። የዛሬው አንቲቫይረስ ግን ቀጠሮ ጠብቆ የሚፈትሽ ብቻ አይደለም፤ ፋይል በተከፈተ፣ በተጻፈ፣ ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር መሀል ይገባል። ይህን የሚያደርገው ከርነል በሚባለው የሲስተሙ እምብርት ውስጥ ሾፌር (ድራይቨር) የሚባል ፕሮግራም አስቀምጦ ነው። እንደ ተራ ፕሮግራም «ኤንድ ታስክ» ሲሉት እሺ አይልም፤ እሺ ቢልማ ቫይረሱ እንደገባ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ማጥፋት ነበር። «አክሰስ ዲናይድ» ማለቱ ብልሽት አይደለም፣ ሥራው ነው። ያ ሥፍራ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማወቅ ጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የሆነውን ማስታወስ ነው። ክራውድስትራይክ የሚባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀራቸው። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጎለ…

ዝም_ያለ_ፋን፦
መምህር፣ እርስዎ ከ1986 ተነሥተው 2024 እስኪደርሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው።

መምህር_ባይት፦
ሰውን የሚያዘገየው ሳይረዱ መነካካት ነው ልጄ።

ቢጫ_ሻማ፦
መምህር አመሰግናለሁ፣ በኋላ ረጋ ብዬ አነበዋለሁ። ሰርኬ፦ ዊንዶውስ 10፣ ራም 4 ጊጋ። ዲስኩ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ላፕቶፑ ቆየት ያለ ነው፣ ጆሮ ሲያስጠጉት ይንቋቋል። ታስክ ማናጀር እስኪከፈት ነፍሴ ወጣች። ዲስክ 100 በመቶ ይላል፣ ቀልቷል። ከላይ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ በነጻ አውርጄ የጫንኩት አንቲቫይረስ፣ ሌላው ላፕቶፑ ሲገዛ ውስጡ የነበረ። እሱ ጊዜው ስላለፈ «አድሺ» እያለ ከመጨቅጨቅ ሌላ ሥራ የለውም።

ጉዳዩ_ዲስክ_ነው፦
ይንቋቋል ካልሽ ሃርድ ዲስክ ነው። አንቲቫይረሱን ተይው፣ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። የሚሽከረከር ዲስክ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ ክንዱ በየጊዜው መዝለል ስላለበት በሰከንድ መቶ ጊዜ ገደማ ቢያነብ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በሺዎች ያነባል። የአንቲቫይረስ ሥራ ደግሞ በሙሉ ትናንሽ ፋይል ማንበብ ነው። 4 ጊጋ ራምም ዛሬ ለብሮውዘር እንኳ አይበቃም፤ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ዞሮ ዞሮ ያው ዲስክ ላይ ይወድቃል። ኤስኤስዲ አስገቢ።

ቢጫ_ሻማ፦
በዚህ ሰዓት ኤስኤስዲ ከየት ላምጣ? ትናንት እኮ በዚሁ ዲስክ ስሠራበት ነበር።

ጉዳዩ_ዲስክ_ነው፦
ትናንትም ይንቀራፈፍ ነበር፣ ለምደሽው ነው።

አቋራጭ፦
እኔ እንዲህ ሲያደርገኝ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ «ኤክስክሉዥን» (ከፍተሻ የሚወጣ) የሚለው ላይ ሲ ድራይቭን በሙሉ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ይበርራል፣ አንቲቫይረሱም አረንጓዴ ምልክቱን ያሳያል።

ሰርኬ፦
አቋራጭ፣ ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቅልህ? ሲ ድራይቭ ከፍተሻ ውጪ ከሆነ አረንጓዴው ምልክት ጌጥ ነው። ከፍተሻ የሚወጣ ነገር ካለ ምን እንዳለበት የምታውቀው አንድ ፎልደር ብቻ ነው። ዳውንሎድስና ቴምፕ ደግሞ በጭራሽ አይወጡም፤ ከኢንተርኔት የመጣ ነገር መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ዲስኩ መዘግየቱ እውነት ነው፣ ግን ዛሬ ማታ የሚፈታ አይደለም። የሚፈታው ሁለቱ አንቲቫይረሶች አንድ ላይ መኖራቸው ነው። አንዱ ፋይሉን ሊፈትሽ ሲከፍት ሌላው ፋይል ተከፈተ ብሎ እሱም ይፈትሻል። ሁለት ዘበኞች እርስ በርስ ሲፈታተሹ የቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ጊዜው አለፈ ያልሽው ደግሞ ተኝቷል እንዳትዪ፤ ታስክ ማናጀሩ ላይ ዲስክ ሲበላ አይተሽዋል። ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው አዳዲስ የቫይረስ መረጃ ማውረዱ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ከዊንዶውስ ጋር መነሣቱን አይተውም።

መጀመሪያ ዎርድን ሳትከፍቺ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጪ። ይህ ከተሳካ ቢያንስ በሌላ ኮምፒውተር ጨርሰሽ ትልኪዋለሽ። ከዚያ ጥግ ላይ የሚሽከረከረውን ክፈቺና እየሄደ ያለውን ፍተሻ አቁሚ፣ ስቶፕ ወይም ፖዝ የሚል አለ። ጥበቃውን ሳይሆን ፍተሻውን ብቻ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ካቆምሽ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ታገሺው፣ የተሰለፈው ንባብ እስኪያልቅ ድረስ። ማራገፉን ሥራሽን ከላክሽ በኋላ አድርጊው። ማራገፍ ሪስታርት ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ አፕዴት አድፍጦ ከጠበቀሽ ያ ሪስታርት ሌሊቱን ይበላዋል።

ፎርማተኛው፦
ይሄን ሁሉ ከምታደርጊ ፎርማት ብታደርጊው እስካሁን አልቆ ነበር።

ቢጫ_ሻማ፦
ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ!! ፖዝም አደረግሁት። ግን ሌላ ጉድ አለ፤ ከታች በቀኝ በኩል በየደቂቃው «ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ቀይ ነገር ብቅ ይላል። ልጫነው? ይሄ ሁሉ መንቀርፈፍ በእሱ ምክንያት ቢሆንስ?

ሰርኬ፦
አትጫኚው!

ዝም_ያለ_ፋን፦
ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ቫይረስ ቆጥሮ የሚነግርሽን ሁሉ አትመኚ።

ሰርኬ፦
ማስታወቂያው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ፈልጊ፤ የብሮውዘርሽ ስም ወይም የማታውቂው ድረ ገጽ አድራሻ ካለበት የመጣው ከአንቲቫይረስ አይደለም። የሆነ ገጽ ላይ «ማሳወቂያ ይፈቀድ?» ተብሎ «አላው» ተደርጓል፣ እሱ ነው አሁን የሚልክልሽ። ብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ከሚለው ሥር «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ግቢ። የማታውቂውን አድራሻ ሁሉ አጥፊ። በማስታወቂያው በኩል «ማጽጃ» ብለው የሚያስወርዱሽ ፕሮግራም ነው ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ጣጣ።

ቢጫ_ሻማ፦
አዎ የብሮውዘሩ ስም አለበት። እሱን በኋላ። ዲስኩ ወረደ፣ 60 ምናምን ላይ ነው፣ ዎርድ ተከፈተ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ተባረኩ!

ጉዳዩ_ዲስክ_ነው፦
ፍተሻው ቆሞም 60 ላይ የሚቆም ዲስክ ጤነኛ ነው ብለሽ እንዳትተኚ። ፋይሎችሽን ሌላ ቦታ ገልብጪ። ይንቋቋል ብለሽ የለ? እሱ ድምፅ ከአንቲቫይረሱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሰርኬ፦
እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

ሥራሽን ስትልኪ ለማራገፉ እንዲህ አድርጊ። ጊዜው ካለፈው ጀምሪ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «አንኢንስቶል ኤ ፕሮግራም» ከሚለው አራግፊው፣ ሪስታርት አድርጊ። አንዳንዶቹ ተራገፍን ብለው ሾፌራቸውን ትተው ይሄዳሉ፤ ዘገምተኛነቱ ካልለቀቀሽ አምራቹ ራሱ ያዘጋጀውን ማስወገጃ ከራሱ ድረ ገጽ አውርደሽ አስኪጂ። ከራሱ ገጽ ነው የምልሽ፣ ስትፈልጊ ከላይ ማስታወቂያ ሆኖ ከሚመጣው አይደለም። ማስወገጃው ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ በሚያስፈልገው ብቻ የሚነሣበት) ከጠየቀ ሺፍትን ይዘሽ ሪስታርት ተጫኚ፣ ምርጫው ይመጣልሻል። ሲያልቅ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈቺ፣ ሴቲንግስ ውስጥ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» የሚል አለ። አሁን ጠባቂ ሆኖ የተመዘገበው ማን እንደሆነ ያሳይሻል፤ አንድ ብቻ በሥራ ላይ መሆን አለበት።

አቋራጭ፦
ሁለቱንም ብታነሣስ?

ሰርኬ፦
ዲፌንደር ራሱ ሥራ ይጀምራል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ይተኛል፣ ያ ሲራገፍ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር እኔ ለ4 ጊጋ ማሽን ሁለቱንም አንሥቼ እሱን ብቻ ነበር የምተወው።

መምህር_ባይት፦
ዲፌንደርም ቢሆን ነጻ ምሳ አይደለም እንዳልል ቀልደኛው ይስቅብኛል፤ እሱም ይፈትሻል፣ እሱም ዲስክ ይነካል። በታስክ ማናጀር ላይ «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሲኪዩተብል» የሚለው እሱ ነው። ለቀጠሮ ፍተሻ ከፕሮሰሰሩ በአማካይ እስከ 50 በመቶ እንዲወስድ ነው ከመነሻው የተስተካከለው፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ እንዲጀምርም ጭምር። ጣጣው፣ ለሥራ ብቻ የሚከፈትና ወዲያው የሚዘጋ ኮምፒውተር ሥራ የሚፈታበት ሰዓት የለውም። ታስክ ስኬጁለር (የዊንዶውስ የሥራ ቀጠሮ መያዣ) ውስጥ የዊንዶውስ ዲፌንደርን ክፍል ከፍተሽ ፍተሻውን ኮምፒውተሩ በርቶ አንቺ ከእሱ ርቀሽ ሌላ ነገር በምትሠሪበት ሰዓት ላይ አድርጊው። የመጀመሪያው ሙሉ ፍተሻም ረጅም ነው፤ ያልተለወጡ ፋይሎችን እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ቀጣዩ ያጥራል። ስለዚህ በየጊዜው መሀል ላይ ባታቋርጪው ይሻላል።

ሌላው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። አንቲቫይረስ ብትደራርቢበት የሲስተሙን ቀዳዳ አይደፍንም። ወደ 11 ለማሳደግ ደግሞ 4 ጊጋ ራም ዝቅተኛው መጠን ነው፣ ፕሮሰሰሩና ቲፒኤም የሚባለው የደኅንነት ቺፕም ይጠየቃሉ፤ ቆየት ያለ ላፕቶፕ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው።

ዝም_ያለ_ፋን፦
መምህር ይሄኛው ጠቃሚ ነበር፣ ከዚህ ቢጀምሩ ኖሮ።

መምህር_ባይት፦
ከዚህ ብጀምር ማን ያነበው ነበር?

አቋራጭ፦
ኤክስክሉዥኑን አወጣሁት፣ ደስ ይበላችሁ። አሁን ጥበቃው መሥራቱን በምን ላውቅ?

መምህር_ባይት፦
ኢካር የሚባል የሙከራ ፋይል አለ። 68 ፊደልና ምልክት የያዘ፣ ምንም የማይጎዳ ጽሑፍ ነው፤ አንቲቫይረሶች ሆን ብለው እንደ ቫይረስ እንዲይዙት የተስማሙበት። ከኢካር ድረ ገጽ አውርደው፤ ዝም ብሎ ካሳለፈህ ጥበቃህ ተኝቷል።

አቋራጭ፦
ከኢካሩ በፊት ሙሉ ፍተሻ አስነሣሁ። ዳውንሎድስ ውስጥ ሦስት ነገር ያዘ።

ዝም_ያለ_ፋን፦
ይበርራል ያልከው እነሱን ይዞ ነዋ!

ሰርኬ፦
ቢጫ ሻማ፣ ሥራው ተላከ? ማራገፉስ?

ፎርማተኛው፦
(በማግስቱ) ፎርማት እያደረገች ይሆናል።

ጉዳዩ_ዲስክ_ነው፦
ዲስኩ ካልሞተባት።

አዲስ_ገቢ፦
ሰላም፣ ጥያቄውን አሁን ነው ያየሁት። እኔም ልክ እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ፣ የእኔ ግን ማክ ነው። ታስክ ማናጀሩ የት ጋ ነው ያለው?

ሰርኬ፦
ማክ ላይ ስሙ አክቲቪቲ ሞኒተር ነው፣ ስፖትላይት በሚባለው መፈለጊያ ላይ ጻፈው። ለቀሪው አዲስ ጥያቄ ክፈት፤ ሞዴሉን፣ ራሙንና የጫንከውን አንቲቫይረስ ከመጀመሪያው ጻፍልን።

ፎርማተኛው፦
ማክም ፎርማት ይደረጋል።