የክር ግዢው ዕቅድ፦ 9 ወይስ 10?

ፀሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። የጊታር ክር ግዢውን ሐሳብ እስከ ዓርብ መጨረስ አለብን። መነሻዬ ይኸው። ያሉን ኤሌክትሪክ ጊታሮች 6 ናቸው፤ 4 ደሴ፣ 2 ኮምቦልቻ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ክር፣ 10-46፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፓኬት። በድምሩ 12። እስቲ ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

አዲስ ተማሪ (ሰኞ ገበያ)፦ ይቅርታ፣ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። 10 ምንድን ነው? ፓኬት ላይ 9ም 11ም አይቻለሁ። ጣቴ ደግሞ ተልጧል፤ ብታዩት ታዝኑልኛላችሁ።

አስተማሪ፦ አይዞሽ የኔ ልጅ። የፊተኛው ቁጥር የቀጭኗ ክር ውፍረት ነው፣ የኋለኛው የወፍራሟ። 9 ማለት 0.009 ኢንች፣ ወደ 0.23 ሚሊ ሜትር ነው። 10 ደግሞ 0.25። ይቺ ምን ልዩነት ናት ትያለሽ፤ ጣት ግን ያውቃታል። ስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ላይ የ9ኙ ቀጭን ክር ሲቃኝ 6 ኪሎ ገደማ ይስባል። የ10ሩ ከ7 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ፀሐፊ፣ «10 ለሁሉም» የሚለውን አልደግፍም። ጀማሪ በ9-42 ይጀምር። ደግሞስ ወሎ ተቀምጠን! አምባሰል ስንጫወት ክሩን ሳብ አድርገን ድምፁን ማንሳት አለብን። ለጀማሪ ጣት በወፍራም ክር ይሄ ቅጣት ነው።

ሊድ ጊታሪስት፦ ጋሼ እውነትዎን ነው። የእኔን ጊታር ግን አትንኩብኝ። ለዘፋኞቹ እንዲመች ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ነው የምቃኘው። ያኔ 9 ይላላብኛል፣ ላስቲክ ነው የሚሆነው። ለእኔ 10 ይቆይ።

የኮምቦልቻ ተወካይ፦ ወላሂ እኔን የሚያስፈራኝ ቁጥሩ አይደለም፣ ዓይነቱ ነው። አምና አንድ ሱቅ ገብቼ የጊታር ክር ስል ወርቃማ ነገር ሰጡኝ። «ክር ክር ነው» አሉኝ። አመንኩ። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ስድስቱንም ቀየርኩ፣ አምፕሊፋየሩን አበራሁ። ሁለቱ ቀጫጭኖች ይጮኻሉ። አራቱ ወፍራሞች ጋቢ ተከናንበው የሚያወሩ ይመስላሉ። ኬብሉ ነው ብዬ ኬብል ቀየርኩ! ለካ የአኩስቲክ፣ ኤሌክትሪክ ያልሆነው ጊታር፣ ክር ኖሯል፤ የተጠመጠመበት ብሮንዝ ነው።

አስተማሪ፦ አዎ፣ ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለው ፒክአፕ ማግኔት ነው። ብረትና ኒኬል ይሰማል፣ ብሮንዝ አይሰማም። የሰማኸው የውስጡን ብረት ብቻ ነው። ፀሐፊ፣ «በኒኬል የተለበጠ ብረት፣ የኤሌክትሪክ ጊታር» ብለህ በግልጽ ጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም አንድ ልጠይቅ። ሁልጊዜ የምትበጠሰው የትኛዋ ናት?

ሊድ ጊታሪስት፦ የመጀመሪያዋ፣ ቀጭኗ።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ለአንዲት ክር ብላችሁ ሙሉ ፓኬት የምትከፍቱት ለምንድን ነው? ቀጭኗ በነጠላ ትገዛ። ሌላው ካልዛገ ለምን ይጣላል?

አስተማሪ፦ ጥሩ አልሽ። ላብ ነው የሚያዝገው። ተጫውተን ስንጨርስ በደረቅ ጨርቅ እንጥረገው፤ ለጨርቅ በጀት አያስፈልግም። ሌላው፣ ከ10 ወደ 9 ሲወረድ አንገቱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ክሩ ፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ፣ እየነካ ዝዝዝ ሊል ይችላል። ጊታሮቹን ቅዳሜ አምጧቸው፣ አስተካክላቸዋለሁ። አዲስ ክር ቶሎ ቶሎ ቅኝቱ ሲወርድም አትደንግጡ። ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ቃኙት።

አዲስ ተማሪ፦ ጣቴስ?

አስተማሪ፦ ይደነድናል። ብቻ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተጫወቺ፣ አንድ ቀን ሦስት ሰዓት አትሁኚበት።

ፀሐፊ፦ እሺ፣ የተስተካከለው ይኸው። 9-42 ለ5 ጊታሮች አንድ አንድ ፓኬት፣ 10-46 ለሊዱ አንድ። በነጠላ ባለ 9 ቀጭን ክር አሥር፣ ባለ 10 ሁለት። ፓኬቱ ከ12 ወደ 6 ወረደ። ከአዲስ አበባ ማን ያመጣል?

የኮምቦልቻ ተወካይ፦ ማክሰኞ ስለምሄድ እኔ አመጣለሁ። ሳልከፍል በፊት የፓኬቱን ፎቶ እዚህ እልካለሁ። ወርቃማ ከሆነ ጩኹብኝ።