መድኃኒት የተላመደ ቲቢ፣ በእጣ የሚመደብበት ጥናት እና የወንድሜ ጆሮ፦ ይፈርም ወይስ ይቅርበት?

እህት ከሻርጃ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ነው ያለው። ሁለት ወር ሙሉ ሲያስለው “ብርድ ነው” እያለ ፌጦ በሎሚ ሲጠጣ ከርሞ፣ በመጨረሻ አክታው ተመርምሮ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ተባለ። እኔ እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ስልክ የማገኘውም ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ነው። ስለዚህ የሐኪሙን ቃል የምሰማው በወንድሜ አፍ ነው፣ እሱ ደግሞ ግማሹን ይረሳዋል።

ሐሙስ ማታ “ጥናት ውስጥ ግባ ብለውኛል፣ የምወስደው መድኃኒት የሚለየው በእጣ ነው” አለኝ። እጣ! ኮንዶሚኒየም ነው እንዴ? ኮምፒውተር ያወጣዋል፣ ሐኪሙም አይመርጥም አሉት። የሚፈርመው ወረቀት ሰጥተውታል፣ ለሰኞ ቀጥረውታል።

የባሰ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። አጎታችን ይኼው በሽታ ይዞት ነበር። መርፌ ሲወጋ ከርሞ ዳነ፣ ጆሮው ግን ቀረ። አሁን ስደውልለት ሚስቱ ናት የምታዋራኝ፣ እሷ በጆሮው እየጮኸች ታስተረጉማለች። “ሳንባዬን ሰጥተው ጆሮዬን ወሰዱ” የምትል ቀልድ አለችው፣ እኛ ግን አንስቅም። ወንድሜ ገና ልጅ ነው፣ ሙዚቃ ካልሰማ የማይተኛ ልጅ።

ይፈርም? ወይስ ዝም ብሎ እንደሌላው ሰው ይታከም?

የሰፈር ልጅ

እንዳይፈርም! የሙከራ አይጥ ሊያደርጉት ነው። ነጮቹ አገራቸው ላይ የማይሞክሩትን ነው እኛ ላይ የሚሞክሩት። ጸበል ውሰዱት፣ መድኃኒቱንም በደንቡ ይውሰድ፣ በቃ።

ባለ ሚኒባስ

እህቴ፣ እኔን የአጎትሽ ጓደኛ አድርገሽ ቁጠሪኝ። መርፌውን የጀመርኩት 2005 ዓ.ም. ነው። ስምንት ወር፣ በሳምንት ስድስት ቀን። መቀመጫዬ ላይ የሚወጋ ቦታ ጠፍቶ ነርሷ በጣቷ ለስላሳ ቦታ ስትፈልግ ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። ክኒኑ ደግሞ በእፍኝ ነው። ጠቅላላው ሕክምና ወደ ሁለት ዓመት ተጠግቷል። አልማረርኩም፣ ሞቼ ነበር፣ ተርፌያለሁ።

አራተኛው ወር ላይ ጆሮዬ ውስጥ ድምፅ ገባ። ሊቃጠል የደረሰ የሸምበቆ አምፖል ሢ... ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እሱን ነው። መጀመሪያ የክፍሉ መብራት መስሎኝ ተነስቼ አጠፋሁት፣ ጨለማው ውስጥም ቀጠለ። ለሐኪሙ ነገርኩት። “ታወራኛለህ፣ እሰማሃለሁ፣ ትሰማኛለህ፣ ምን ሆንክ?” አለኝ። እውነቱን ነው፣ እሱን እሰማው ነበር። ጆሮ የሚለካው ማሽንም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረ። የክፍሉ ቁልፍ ግን ለሥልጠና ከሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውዬው እስኪመለስ አምስት ሳምንት። አምስት ሳምንት ማለት ሠላሳ መርፌ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም።

ሲለካኝ ቀጭን ድምፅ የሚባለው ሁሉ ሄዷል። መርፌው ቢቆምም የሄደው አልተመለሰም።

ይኼ ምን ማለት እንደሆነ በሥራዬ ላሳይሽ። የምሠራው ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ ነው። ተሳፋሪ በመስኮት ብቅ ብሎ ሲጠይቀኝ “አራት ኪሎ” ካለኝ እሰማዋለሁ። “ስድስት ኪሎ” ሲለኝ ግን “ኪሎ” ብቻ ነው የሚደርሰኝ፣ “ስድስት” የምትለዋ ነፋስ ናት። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ጽ፣ እነዚህ ፊደሎች ከዓለም ጠፉብኝ። “ወራጅ አለ” የምሰማው ረዳቴ የመኪናውን ገላ በመዳፉ ስለሚደበድብልኝ ነው። ሴቶች ተሳፋሪዎች ዝግ ብለው ሲናገሩ አልፌያቸው እሄዳለሁ፣ ከዚያ ስድብ አለ። ስድቡን እሰማዋለሁ፣ ጮክ ይላላ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ ጥናት ውስጥ አልነበርኩም። ለኔ እጣ ያወጣ የለም። ሁላችንም አንድ ዓይነት መርፌ ተወጋን፣ የማን ጆሮ እንደቀረ የቆጠረ ግን አልነበረም። በዚያው ዘመን ጥናት ውስጥ የነበረ አንድ የጎጃም ልጅ አውቃለሁ። በየወሩ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጉለታል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ራሱ ምንም ሳይታወቀው ማሽኑ ቀድሞ አወቀ፣ መርፌውን በሳምንት ሦስት ቀን አደረጉለት። ዛሬ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ሰምቶ ይጨፍራል። እኔ ግጥሙን ከጎኔ ካለ ሰው እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ወንድምሽ እጣውን አይፍራ። ሳይለኩ የሚሰጡትን ይፍራ። ሰኞ ሲሄድ “የመጀመሪያውን መድኃኒት ከመውሰዴ በፊት ጆሮዬ ይለካል ወይ? የልኬቱን ወረቀትስ ኮፒ ትሰጡኛላችሁ?” ይበል። ኮፒውን ፎቶ አንስቶ ላንቺ ይላክልሽ፣ ወንድ ልጅ ወረቀት ይጥላል።

ሲስተር ቲ

የቲቢ ክፍል ነርስ ነኝ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጋሼ ባለ ሚኒባስ የተናገሩት ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት፣ ምክንያቱም እህታችን በማይሰጥ መርፌ እየፈራች ነው።

እነዚያ መርፌዎች ካናማይሲን እና ካፕሪዮማይሲን ይባላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አይሰጡ ካለ ቆይቷል። ዛሬ ዋናው ሕክምና በአፍ የሚወሰድ ነው፣ ለብዙ ታማሚም ወደ ስድስት ወር ወርዷል። አሚካሲን የሚባል የነሱ ዘመድ መርፌ አሁንም አለ፣ የሚሰጠው ሌላ አማራጭ ላጡ ጥቂት ሰዎች ነው። ወንድምሽ “የኔ መድኃኒት መርፌ አለበት?” ብሎ ይጠይቅ። እጣው በሚለያቸው በሁለቱም ቡድን የለም ከተባለ የአጎታችሁ ታሪክ በሱ ላይ አይደገምም።

ሐኪሙ “ትሰማኛለህ” ያለበትን ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ባለሙያም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ነው። ውስጡ እንደ ፀጉር ያሉ ጥቃቅን ሴሎች ተደርድረዋል፣ መግቢያው አጠገብ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ፣ ጥቅልሉ መጨረሻ ያሉት ወፍራሙን ይቀበላሉ። መርፌው መግደል የሚጀምረው ከመግቢያው ነው። ስለዚህ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በወፍራም ድምፅ ሲያወራችሁ ትሰማላችሁ፣ ጉዳቱ ግን ከቀጭኑ ድምፅ ጀምሮ ወደ ወፍራሙ እየወረደ ነው። ማሽኑ እስከ 8000 ኸርዝ፣ ማለትም እስከ በጣም ቀጭኑ ድምፅ ድረስ ስለሚለካ ከሰውዬው ቀድሞ ያያል። በሰው ላይ እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከእናቱ በሚወረስ የዘር ለውጥ የተነሳ በጥቂት መርፌ ብቻ ይደነቁራል፣ ስለዚህ በእናታችሁ በኩል ከመርፌ በኋላ ጆሮው የቀረ ሰው ካለ ይነገር። አጎትሽ የእናትሽ ወንድም ናቸው ወይስ የአባትሽ?

የሰፈር ልጅ፣ “አገራቸው ላይ የማይሞክሩትን” ላልከው። እጣውን ራሳቸው ላይ ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዞች ያሳተሙት የስትሬፕቶማይሲን ጥናት አለ፣ እሱም የካናማይሲን ዘመድ የሆነ የቲቢ መርፌ ነው። ከጦርነቱ ማግስት ነው፣ መድኃኒቱ ከአሜሪካ የሚገዛ፣ ለሁሉም የማይበቃ። 107 የሳንባ ታማሚዎችን በታሸገ ፖስታ ለዩ፦ 55ቱ መርፌውን አገኙ፣ 52ቱ ያኔ የነበረውን ሕክምና፣ ማለትም አልጋ ላይ እረፍት ብቻ። በስድስት ወር ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሞቱ። ሐኪም በዓይኑ መርጦ ቢሰጥ ኖሮ ጠንከር ያለውን ይመርጥና ማን በመድኃኒቱ፣ ማን በጉልበቱ እንደዳነ አይታወቅም ነበር። እጣው ለዚህ ነው። እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ መርፌውን ካገኙት 55 ሰዎች 36ቱ እንደ ዞረባቸው ተመዝግቧል። ማዞሩ የመጣው ከውስጠኛው ጆሮ ነው፣ ሚዛናችን የሚጠበቀው እዚያ ነውና። ያ ጆሮ የሚጎዳ መርፌ እንደሆነ ከመጀመሪያው ታውቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላም እነዚህን መርፌዎች ስንወጋ ስንት አሥርት ዓመት ኖርን፣ እሱ ነው የሚያበሳጨኝ።

መርፌው ከሕክምናው የወጣው በጥናት ነው፣ አገራችንም እጇ አለበት። ስትሪም የሚባለው ጥናት ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እና አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ውስጥ ተካሂዷል፣ በሌሎች አገሮችም እንዲሁ። የመጀመሪያው ዙር ሕክምናውን ከሃያ ወር ገደማ ወደ ዘጠኝ ወር ማሳጠር ይቻላል አለ፣ ካናማይሲኑ ግን ለመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ነበረበት። ሁለተኛው ዙር ካናማይሲኑን አውጥቶ ቤዳኩሊን የሚባል ክኒን አስገባ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ከመቶ ሰው የተሳካለት፣ በመርፌው 71፣ በክኒኑ 83። ከባድ የመስማት ጉዳት፣ በመርፌው ከመቶ 9፣ በክኒኑ 2። ጆሮ ስለተለካ ነው ይኼ ቁጥር የተገኘው። እነዚያ ፈርመው የገቡ የአዲስ አበባ ልጆች ለወንድምሽ መንገድ ጠርገውለታል።

ያም ሆኖ “ጥናት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ፈርሙ” አልልም። የሚሰጠው ወረቀት በሚገባው ቋንቋ ካልሆነ፣ ቤት ወስዶ እንዳያነበው ካጣደፉት፣ ወይም “ካልፈረምክ አናክምህም” ካሉት፣ ይውጣ። በፈለገበት ቀን ሊተወው ይችላል፣ የተለመደውን ሕክምናም አይከለከልም። ወረቀቱ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ አለ፣ ይደውልበት፣ ለጌጥ አይደለም የተጻፈው።

አዲሶቹ ክኒኖችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሊኔዞሊድ ካለበት እግሩን ሲያቃጥለው፣ ሲደነዝዘው ወይም ዓይኑ ሲደበዝዝ በዚያው ሳምንት ይናገር። ቤዳኩሊን ካለ ልቡ በኢሲጂ ይታያል። “ይለፍልኛል” ብሎ ዝም የሚል ታማሚ አልወድም፣ ጆሮ የጠፋው በዚያ ነው።

የሰፈር ልጅ

ሲስተር፣ የ1948ቱን አላውቅም ነበር። ጸበሉ ግን አይቅር።

ሲስተር ቲ

ማን ይቅር አለ? ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ጠበልተኛው መሃል ሲያስል አፉን ይሸፍን።

እህት ከሻርጃ

እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ሄዶ ነበር፣ ማታ ደወለልኝ። ወረቀቱ በአማርኛ ነው፣ አሥራ ሁለት ገጽ። አክስታችን ቁጭ ብላ አነበበችለት፣ እሷ የቀበሌ ጸሐፊ ስለነበረች ወረቀት አትፈራም። በሁለቱም ቡድን መርፌ የለም። ጆሮውን ለኩት፣ እግሩንም በብረት ነገር እየነኩ “ይሰማሃል?” አሉት፣ ዓይኑንም ፊደል አስቆጠሩት። ጆሮው ጤነኛ ነው፣ ኮፒው ስልኬ ውስጥ አለ። የልኬቱ መስመር ቀጥ ብሎ ላይ ላዩን ይሄዳል፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት አሉት። ዛሬ ፈረመ። እጣው የትኛው እንደሆነ ነገ ነው የሚነግሩት።

ሲስተር፣ አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ነግሮላቸዋል፣ ፋይሉ ላይ ጻፉት።

ጋሼ ባለ ሚኒባስ፣ መስሚያ መሣሪያ ታደርጋለህ? ለአጎቴ ገዝተንለት ባትሪው አልቆ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። እዚህ ፋርማሲ ውስጥ አይቻለሁ፣ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። መስከረም ላይ የሚሄድ ሰው አለ።

ባለ ሚኒባስ

አደርጋለሁ፣ ሥራ ላይ ግን የሞተሩን ድምፅ አጋኖ አንጎሌን ስለሚበጠብጠው የማወልቅበት ጊዜ ይበዛል። ማታ ቤት ለልጆቼ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ሚስቱ መሳቢያውን ትክፈትና የድሮው ባትሪ ላይ ያለውን ቁጥር ታንብብልሽ። ትልቁ 675 ነው፣ ሰማያዊ ልጣጭ አለው፣ የኔ እሱ ነው። ብርቱካናማው 13 ነው፣ መጠኑ ትንሽ ያንሳል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ደግሞ ልጣጩን እንዳትነኪው። ባትሪው አየር ሲነካው ነው የሚነሳው፣ ከተላጠ በኋላ ብታስቀምጪውም ያልቃል። እኔ የመጀመሪያውን ጥቅል “ልየው” ብዬ ስድስቱንም አንድ ቀን ላጥኳቸው።

ቁጥሩ 675 ከሆነ ሁለት ጥቅል ጨምሪልኝ፣ ብሩን ለአክስትሽ አደርስላታለሁ።