ቧንቧ ፈንድቶ ቤት ሲረጥብ ማንን እንጥራ? ምን እንግዛ? (ጥቆማ)

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጬ፦
ሰላም ወገኖች፣ እህታችሁን ጠቁሙኝ። ቤቱ ግራውንድ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ሌሊት ውሃ ሲለቀቅ ግድግዳ ውስጥ ያለው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ፈነዳ። ሳሎኑ ሊሾ፣ መኝታ ቤቱ ላሚኔት፣ የኪችን ካቢኔቱ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ነው። ውሃው ተጠርጎ ወጥቷል። ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ከየት ላምጣ? ማድረቂያ ማሽን ልከራይ ወይስ ሌላ መላ አለ? ቀለም ቀቢው ነገ ልጀምር እያለ ነው።

ከአያት፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ቀለም ቀቢውን አስቁሚው። ብሎኬትና ልስን የጠጣው ውሃ በሳምንት አይወጣም። ሊሾ በደንብ አየር እያገኘ በግምት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ነው የሚደርቀው፤ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ከወር በላይ ይፈልጋል፣ ክረምት ላይማ ይብሳል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለም ከተመታ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙን እያሳበጠ ይገፋዋል፤ የሲሚንቶው ጨውም ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። መድረቁን ለማወቅ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጊና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጊው። በማግስቱ ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ገና ነው።

ማሽን ፍለጋ ከመንከራተት ሁለት ቬንትሌተር ይሻላል፤ አንዱ ወለሉን ታክኮ ወደ ግድግዳው፣ ሌላው በመስኮት ወደ ውጭ ይንፋ። መስኮቱን ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ክፈቺው። ሲመሽና ሲዘንብ ዝጊው፤ አለበለዚያ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ግድግዳውን አቀዝቅዞ እርጥበቱን መልሶ ያስተኛበታል። አደራ፣ ክፍሉን በከሰል ለማድረቅ እንዳታስቢ! ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

ከሰሚት፦
ስለ ሠራተኛው ልጨምር። ሳኒተሪ ሱቅ በር ላይ የሚገኙት ፈጥነው ይመጣሉ፣ በዋጋም ይቀላሉ፤ ለሲንክና ለፍሌክሲብል ይበቃሉ። ግድግዳ ውስጥ ላለ ፒፒአር ግን የራሱ መበየጃና የግፊት መሞከሪያ የእጅ ፓምፕ ያለውን ሰው ምረጪ፤ የብሎካችሁን ኮሚቴ ብትጠይቂ ሕንፃው ላይ የሠራ ልጅ ሊጠቁሙሽ ይችላሉ። ከመስማማትሽ በፊት «ባለ 20 ቧንቧ ስንት ሰከንድ ታሞቃለህ?» በዪው። መልሱ 260 ዲግሪ ላይ 5 ሰከንድ ነው፣ ባለ 25 ከሆነ 7። ካነሰ አይያዝም፤ ከበዛ የቀለጠው ወደ ውስጥ ይገባና ቀዳዳውን ያጠበዋል። ሲያስገባም ቀጥ አድርጎ ነው፣ ማሽከርከር የለም።

ብየዳውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው፤ በሙቀቱ ይተንና መጋጠሚያው ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ዋናው መዝጊያ በደንብ የማይዘጋ ከሆነ ለስላሳውን የዳቦ ክፍል ቧንቧው ውስጥ ጠቅጥቆ ጠብታውን ለጊዜው ማቆም ይቻላል። ኋላ ግን የቧንቧዎቹን አፍ ወንፊት ፈትተሽ ውሃውን ልቀቂ፣ አለበለዚያ ዳቦው እዚያ ይደፍናል።

ዕቃውን ራስሽ ግዢ። ፒኤን ቧንቧው የሚችለው የግፊት ደረጃ ነው፤ ለባለ 20 ፒኤን 20 የሚባለው የቧንቧው የራሱ ግድግዳ ውፍረት 3.4 ሚሊ ሜትር፣ ፒኤን 10 ደግሞ 1.9 ነው፤ ጫፉን በሜትር ብትለኪው ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ወፍራሙን ውሰጂ። ግድግዳ ውስጥ በብየዳ የሚገባ ማገናኛ ብቻ ይግባ። ዩኒየን (የሚፈታ ማገናኛ) ሥራውን ያቀልላል፣ ግን ጎማው ሲደክም ስለሚያንጠባጥብ ልስን ውስጥ አይቀበርም። የፈነዳውን በካላማዳሪ አስሮ መለሰን የሚል ሰው ከመጣ ሸኚው፤ እሱ ለአንድ ሌሊት ማስታገሻ ነው። ከብየዳው በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቆ በፓምፑ 10 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይሙላ፤ መርፌው ካልወረደ ብቻ ይለሰን።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላሚኔቱና ካቢኔቱስ ይተርፋሉ?

ከለገጣፎ፦
ላሚኔቱን ዛሬውኑ አንሺው፣ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅም ጭምር። ያልተነፋውን ጠፍጣፋ መሬት ላይ በጥላ አድርቂ። ጠርዙ ካበጠ ግን አይመለስም። ኤምዲኤፍም እንዲሁ ነው፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅ እንኳ ብሎን አይይዝም። አዲስ ስታሠሪ የታችኛው ሣጥን በ10 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ እግር ላይ ይቁም።

ሻጋታ እርጥብ ነገር ላይ በ24 እና 48 ሰዓት መካከል ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ ፍራሽና ምንጣፍ አይቆዩ። ምንጣፉን ቤት ከመታገል ለምንጣፍ አጣቢ መላክ ያዋጣል፣ ጨምቀው ስለሚያወጡት። በረኪና ለሴራሚክ ይሠራል። ልስን ላይ ግን በሳሙና ፈትጎ ማድረቅ፣ የላላውን ልስን ደግሞ ማራገፍ ይሻላል። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም እንዳታገናኚ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። እርጥቡ ግድግዳ ላይ ሶኬት ካለ ብሬከሩ እንደወረደ ይቆይና ኤሌክትሪሺያን ከፍቶ ይየው።

ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ቢፈነዳ የራስሽ ሠራተኛ አይነካውም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንን በ906 ጥሩ። እንደ ለገጣፎ፣ ሰበታና ቡራዩ በሸገር ከተማ ሥር ያለን የየአካባቢያችንን የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው የምንጠራው።

ከሰሚት፦
አንድ ቀረኝ። በፈረቃ ሰፈር ሌሊት ተጠቃሚው ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል፣ ባዶው መስመር ውስጥ ያለው አየርም እየተገፋ ይመታል። ከቆጣሪው ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ አስገብተሽ 3 ባር ላይ አስተካክዪው። ሠራተኛው ብየዳ ላይ እያለ አብሮ ቢያስገባው ሁለተኛ ጉልበት አትከፍዪም።