ወንድሜ ለስፖርተኛ ኮርስ እየወሰደለት ነው፣ ምን ላድርግ?

እህትየዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው፣ ሳትሳደቡ መልሱልኝ። እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ ካገር ቤት በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ መጥቶ ሌላ ስቴት ውስጥ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ስሙን አልጠራም። ኢንጂነሪንግ ነው የሚያጠናው፣ ጎበዝ ልጅ ነው።

ባለፈው ለእረፍት እኔ ጋ መጥቶ ሶፋ ላይ ላፕቶፑን ይዞ ሲጽፍ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ኮርሱ ላይ ራሳችሁን አስተዋውቁ ተብለው ነው መሰለኝ፣ "የፉትቦል ቡድናችን ተከላካይ ነኝ፣ ቁመቴ 6 ጫማ ከ5 ነው፣ ያሳደገችኝ ጆርጂያ ያለችው አያቴ ናት" ይላል። ወንድሜ እኮ ስልሳ ኪሎ አይሞላም! አያታችን ደግሞ ደብረ ብርሃን ናት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ አፋጠጥኩት። ለካ ለአንድ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች የሶሲዮሎጂ ኦንላይን ኮርስ እየወሰደለት ነው። በልጁ አካውንት ይገባል፣ ሲገባ የሚጠየቀውን ኮድ ልጁ በቴክስት ይልክለታል፣ ከዚያ ኳይዝ በሉት፣ አሳይመንት በሉት፣ ሁሉንም እሱ ነው የሚሠራው። 600 ዶላር፣ ግማሹን ተቀብሏል። ያገናኛቸው ስፖርት ክፍሉ ውስጥ ቱቶር የሆነ ልጅ ነው። "ሁሉም ያውቃል፣ አሰልጣኞቹም አይጠሉም፣ ማንን ጎዳሁ?" ይለኛል። ገንዘቡን ለእናታችን ነው የሚልከው፣ እሱ ነው አንጀቴን የበላኝ። እኔ ነኝ የማካብደው ወይስ ነገሩ እውነት ያስፈራል?

ቱቶር የነበረ፦

እህቴ፣ አላካበድሽም። እኔ ራሴ ስፖርተኞችን አስጠንቼ አውቃለሁ፣ አሠራሩ ይገባኛል። ተጫዋቹ ሜዳ ለመግባት ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለበት፣ ነጥቡም ከተወሰነ በታች መውረድ የለበትም። መመረቂያው 2.0 በሆነበት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ሲጀምር 1.8፣ ሦስተኛ ላይ 1.9 እያለ ይሄዳል። ሦስተኛ ዓመት ሲገባ ደግሞ የዲግሪውን 40 በመቶ መጨረስ አለበት። ልጁ ቀኑን ሙሉ ልምምድ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ጨዋታ ሌላ ስቴት ነው፣ አንድ ኮርስ ከወደቀ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሚቀለውን ኦንላይን ኮርስ ይመርጡለታል። አስተማሪው ደግሞ ፊቱን አያይም። ቀዳዳው ያው እሱ ነው።

ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ስሚ። በ2016 አንዲት የሒሳብ ቱቶር ወጥታ የተጫዋቾችን ሥራ እኔ ነበርኩ የምሠራላቸው አለች። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ አጣርቶ በ2019 ውሳኔ ሰጠ፣ 12 ስፖርተኞች ነበሩ። የፉትቦሉም፣ የቤዝቦሉም፣ የሶፍትቦሉም ቡድን ለአንድ ዓመት ከጥሎ ማለፍ ታገዱ። እሷ ጫና ነበረብኝ ብትልም አለቆቿ አዘዋት ነበር የሚል ማስረጃ አልተገኘም ተባለ። 10 ዓመት ተፈረደባት፣ እስር ሳይሆን ማንም አባል ትምህርት ቤት ስፖርት ክፍሉ ውስጥ እንደልቡ የማይቀጥራት ዓይነት። ወንድምሽን ንገሪው፣ "ሁሉም ያውቃል" ያለው ሁሉ ነገሩ ሲፈነዳ አላውቀውም ነው የሚለው።

ሸገር በረንዳ፦

እኔ ግን ልጁ ላይ መጮኹ አይዋጥልኝም። አስመሳዩ ማነው? እነዚህ ትምህርት ቤቶች በቲቪ መብት ብቻ ስንት ሚሊዮን ዶላር እያፈሱ ተጫዋቹን "ተማሪ ነህ፣ ደሞዝ ብሎ ነገር የለም" ሲሉት ኖሩ። በስሙ ገንዘብ እንዲያገኝ የተፈቀደለት እንኳ በሐምሌ 2021 ነው። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው መክፈል የጀመሩት ተጫዋቾች ከሰው በ2025 ፍርድ ቤት ስምምነቱን ካጸደቀ በኋላ ነው።

ኖርዝ ካሮላይና ቻፕል ሂልን እዩ። 18 ዓመት ሙሉ ክፍል የሌለው ክፍል ነበራቸው! መምህር የማያስተምርበት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ የሚገባበት፣ ወረቀቱንም ብዙውን ጊዜ የቢሮ ሠራተኛዋ የምታርመው። በ2014 የወጣው ምርመራ ከ3,100 በላይ ተማሪ በዚያ አልፏል አለ፣ ግማሽ የሚጠጋው ስፖርተኛ ነው። ቅጣቱስ? በ2017 ኤንሲኤኤ "ኮርሱ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለነበር ሕጋችን ተጥሷል ማለት አንችልም" ብሎ ዘጋው። በቃ። ዩኒቨርሲቲ ራሱ ሲያስመስል እንዲህ ነው የሚታለፈው፣ የደብረ ብርሃኑ ልጅ 600 ዶላር ሲያገኝ ግን ሥነ ምግባር ትዝ ይለናል።

ሩጫ ወዳዱ፦

ሸገር ያልከው ልክ ነው፣ ግን ለእሷ ጥያቄ መልስ አይሆናትም።

ስለ አስመሳይ ካነሳችሁ የፕሪንስተኑን ሯጭ ታሪክ ታውቃላችሁ? ጄምስ ሆግ ይባላል። በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ ሃይስኩል 16 ዓመቴ ነው ብሎ ገባ፣ ሃያ ስድስት ሊሞላው ነበር። ስሙን የወሰደው በሕፃንነቱ ከሞተ ልጅ ነው። ስታንፎርድ ላይ የሃይስኩል አገር አቋራጭ ውድድር አሸነፈና አንድ የአካባቢው ጋዜጠኛ ጠረጠረው፣ ተጋለጠ። ያ መች አስተማረው! ቀጥሎ አሌክሲ ኢንድሪስ ሳንታና የሚባል፣ ዩታ በረሃ ላይ ከብት እየጠበቀ ራሱን ያስተማረ ልጅ ነኝ ብሎ ለፕሪንስተን አመለከተ። ተቀበሉት። ችግሩ የብስክሌት ዕቃ ሰርቆ እስር ቤት መግባቱ ነው፣ እናቴ ታማብኛለች ብሎ አንድ ዓመት አዘገየና በ1989 ገባ። የትራክ ቡድኑ ውስጥ ሮጠ፣ ውጤቱም ጥሩ ነበር። በየካቲት 1991 ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ሲወዳደሩ የፓሎ አልቶ ልጅ የነበረች የዬል ተማሪ ዓይታ ለየችው። ከጂኦሎጂ ክፍል ነው ፖሊስ የወሰደው። የተከሰሰው የትምህርት ድጎማ አታሎ በመውሰድ ነው፣ 270 ቀን ተፈረደበት።

እኔን የሚገርመኝ፣ ሰውዬው የሮጠው በራሱ እግር ነው፣ የተማረውም በራሱ ጭንቅላት። የወንድምሽ ተጫዋች ያንንም አላደረገም። (የኛን አገር የፓስፖርት ዕድሜ እንዳታነሱብኝ፣ እሱ ሌላ ቀን።)

ሸገር በረንዳ፦

ሆግ ድሃ ስለነበር ታሰረ በለኛ። በ2019 የተጋለጡት ሀብታሞች ልጆቻቸውን ቀዘፋና ዋተር ፖሎ ተጫዋች ናቸው እያሉ ፎቶ በፎቶሾፕ እየቀጠሉ ዩኤስሲ (ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ሲያስገቡ ተዋናይቷ ፌሊሲቲ ሃፍማን 14 ቀን ነው የተፈረደባት።

ሩጫ ወዳዱ፦

እሷ ለፈተና ማጭበርበር ነው፣ ለስፖርት አይደለም። በስፖርቱ በኩል የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቴኒስ አሰልጣኝ የነበረው ሁለት ዓመት ተኩል ተፈርዶበታል። ደላላው ሪክ ሲንገርም ሦስት ዓመት ተኩል።

የሚኒሶታው፦

እኔ በምኖርበት ስቴትም ሆኗል። በ1999 የወጣው የቅርጫት ኳስ ቅሌት፣ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ወደ 400 የሚሆን የተጫዋቾች ወረቀት ጽፌያለሁ አለች። አሰልጣኙ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ተሰናበተ፣ በኋላ ከፊሉን መልስ ተባለ እንጂ። ወረቀት ለሚጽፈው ሚሊዮን የለም።

እህትየዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቪዛውስ? እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ራሱ ይናገር ወይስ ዝም ብሎ ይተወው?

ቱቶር የነበረ፦

ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለበት። አንደኛው ኩረጃው ነው። በኛ አገር ኩረጃና የፈተና ስርቆት በዝቶ መንግሥት የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መስጠት እስኪጀምር ደርሷል፣ እዚህም ያው ነው፣ የሠራውም ያሠራውም እኩል ይጠየቃሉ። ወንድምሽ ከታገደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆኑ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ቀጥታ ቪዛውን ይነካል። ሁለተኛው ክፍያው ነው። ኤፍ ዋን ያለው ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚሠራው፣ ከዚያ ውጪ ያለ ፈቃድ ገንዘብ መቀበል ራሱ ጣጣ ነው። ማን ያውቃል እንዳይል፣ ከየት አድራሻ እንደገባ ሲስተሙ ይመዘግባል። ተጫዋቹ ሌላ ስቴት ሆኖ አካውንቱ አንቺ ቤት ሶፋ ላይ ተከፍቶ ነበር እኮ!

ከዛሬ ጀምሮ ኮድ ቢላክለትም አይግባ። ቀሪውን 300 አይቀበል። ቴክስቶቹን እንዳያጠፋ፣ ያገናኘው ማን እንደሆነ የሚያሳዩት እነሱ ብቻ ናቸው። የኢንተርናሽናል ቢሮው ሰዎች ደጎች ናቸው ግን ጠበቃው አይደሉም፣ የነገራቸውን ሁሉ በሚስጥር የመያዝ ግዴታ የለባቸውም። ስለዚህ ማንም ቢሮ ከመሄዱ በፊት ከውጭ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። ግቢው ውስጥ ያለው ነጻ የተማሪ ጠበቃ አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲውን የሚነካ ጉዳይ አይዝም።

እህትየዋ፦

ደወልኩለት። ልጁን ከእንግዲህ አልገባም ብሎታል። ልጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው፣ "ፋይናሉ ሐሙስ ነው፣ መጽሐፉን እንኳ አልገዛሁትም"። እውነቴን ነው የምላችሁ እሱም አሳዘነኝ።

ሸገር በረንዳ፦

ሐሙስ ገና ነው፣ ስፖርት ክፍሉ በነጻ ያስቀመጠለት ቱቶር አለ፣ ሄዶ ይጠይቅ። ያንን አገናኙን ልጅ ካልሆነ ማለቴ ነው።