የ100 ግራም ጣጣ፦ ለቪኔሽ ፎጋት የብር ሜዳሊያው ይገባት ነበር?

የፒያሳ ልጅ፦
ህንዳዊቷ የነፃ ትግል ተወዳዳሪ ቪኔሽ ፎጋት ከጡረታ ተመልሼ ለሎስ አንጀለስ 2028 ኦሊምፒክ እሠራለሁ ካለች ወዲህ የድሮው ንትርክ እንደገና ተነስቷል። ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ከ50 ኪሎ በማይበልጡ ሴቶች ምድብ በአንድ ቀን ሦስት ተጋጣሚ ጣለች። መጀመሪያ የጃፓኗን ዩዊ ሱሳኪን 3 ለ 2። ሱሳኪ የቶኪዮ ሻምፒዮን ናት፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የውጭ ሀገር ሰው አሸንፏት አያውቅም። ቀጥሎ የዩክሬኗን ሊቫችን 7 ለ 5፣ ማታ ደግሞ የኩባዋን ጉዝማንን 5 ለ 0። ለኦሊምፒክ የትግል ፍፃሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ ህንዳዊት ሆነች። በማግስቱ ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣች፣ 50 ኪሎ ከ100 ግራም። አለቀ። ወርቁ ቀርቶ ብሩም የለም፣ ከሁሉም መጨረሻ ተብላ ተመዘገበች። ፍፃሜውን አትጋጠሚ መባሏ ይሁን። የትናንቱን ግን ተመዝና፣ 49.9 ሆና ነው ያሸነፈችው፣ እሱን ለምን ይቀሟታል? እኔ ብሩ ይገባት ነበር ባይ ነኝ።

ሕግ ይከበር፦
አይገባትም! ሥጋ ቤት 100 ግራም ቢያጎድሉብህ ትጣላ የለ? ቀልዱን ትተን ደንቡ ለምን እንደመጣ እንይ። ድሮ የሚመዘኑት ከውድድሩ በፊት ባለው ምሽት ነበር። ታጋዩ (የበረሃውን አይደለም የምለው) ራሱን አድርቆ ይመዘናል፣ ሌሊቱን ሲበላ ሲጠጣ ያድራል፣ ጠዋት በኪሎ በጣም የሚያንሰው ሰው ላይ ይወጣል። ይሄን ለማስቀረት ነው ከ2018 ወዲህ ውድድሩ ሁለት ቀን ሆኖ በሁለቱም ጠዋት የሚመዘኑት። የዓለም አቀፉ የትግል ፌዴሬሽን ደንብ አንቀጽ 11 ግልጽ ነው፣ አንዱን ሚዛን ያላለፈ ይወጣል፣ ያለ ደረጃም መጨረሻ ይሆናል። አሁን አንተ እንዳልከው ብሩን ስጧት እንበል። ነገ ሁሉም የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ደርቆ ያልፋል፣ ፍፃሜ ከገባ ብር ኪሱ ውስጥ ነው፣ ክትፎውን አዝዞ ይተኛል።

የድሮ ቦክሰኛ፦
ልጆች፣ እኔ በወጣትነቴ ለቦክስ ኪሎ ቀንሻለሁ። ፌስታል ከውስጥ ለብሼ፣ ሁለት ቱታ ደርቤ፣ በር ተዘግቶብኝ ገመድ ስዘል። መጨረሻ ላይ ላብም እምቢ ይላል። ምራቅ እንድንተፋ ከረሜላ ይሰጡን ነበር፣ እሱም አፍ ውስጥ እንደ ጠጠር ደርቆ ይቀራል። ከሚዛን ወርጄ የጠጣሁት የመጀመሪያ ውሃ ጣዕሙ እስከዛሬ አልጠፋኝም። በማግስቱ ድገም ብባል ኖሮ ጓንቱን ወርውሬ ቤቴ እገባ ነበር። ይቺ ልጅ ማታ ከግማሽ ፍፃሜው ስትወርድ ከልኩ 2.7 ኪሎ በልጣ ነበር። ሌሊቱን ሳትተኛ ሮጠች፣ ሳውና ገባች፣ ፀጉሯን ሳይቀር ቆረጡላት፣ ልብሷን አሳጠሩ። ይሄን የተናገረው የህንድ ቡድን ሐኪም ራሱ ነው። ያን ሁሉ አውርዳ የቀረችው ግማሽ ብርጭቆ ውሃ የማትሞላ ነገር ናት። እኔን ከጠየቃችሁ ጥፋቱ በዚያ ቀን ምን ያህል ትብላ ትጠጣ የሚለውን ያሰላው ሰው ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን ከዚያም በፊት ያለውን እንይ እስቲ። መጀመሪያውኑ 50 ኪሎ ምን ትሠራ ነበር? ቶኪዮ የተወዳደረችው በ53 ነው፣ በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያገኘችውም በ53። በ2023 ከሌሎቹ የህንድ ታጋዮች ከሳክሺ ማሊክና ከባጅራንግ ፑኒያ ጋር ሆና፣ የህንድ ትግል ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ብሪጅ ቡሻን በሴት ስፖርተኞች ላይ ፆታዊ ትንኮሳ ያደርሳል ብላ ደልሂ ጃንታር ማንታር የተባለው ቦታ ለተቃውሞ መንገድ ዳር ስታድር ከረመች። ሰውየው አላደረግኩም ባይ ነው። በዚያው ዓመት ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆነች። እሷ በሌለችበት የ53ቱን የፓሪስ ኮታ፣ የህንድን ቦታ ማለት ነው፣ ሌላዋ ህንዳዊት አንቲም ፓንጋል አስገኘች። የዓለም ሻምፒዮና ለሴቶች አሥር የክብደት ምድብ አለው፣ ኦሊምፒክ ግን ስድስት ብቻ። ከ53 ቀጥሎ ያለው 57 ነው። ወይ ወደዚያ ትውጣ ወይ ወደ 50 ትውረድ፣ ወረደች። የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውሃ እንደሚይዝ ደግሞ እኔ ላስረዳችሁ አይገባም፣ እሷም ይግባኝ ስትል አንስታዋለች።

ሕግ ይከበር፦
እህቴ ያሳዝናል፣ እኔም አዝኛለሁ። ግን ይሄ ሁሉ ሚዛን ላይ አብሯት አይወጣም። ጃፓናዊው ታጋይ ሬይ ሂጉቺ በ50 ግራም፣ በሷ ግማሽ ማለት ነው፣ ማጣሪያው ላይ ወድቆ ቶኪዮ ቀርቶበታል። ፓሪስ ላይ ተመልሶ ወርቅ ወሰደ። የኛው ደራራ ሁሪሳስ? በ2021 ቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ገባ፣ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሆኖ ተገኘ፣ የሚፈቀደው 4። ሰረዙት። እንግዲያውስ ሁለተኛ በሉት ያለ ሰው አልሰማሁም።

የፒያሳ ልጅ፦
ደራራ ያን ጫማ አድርጎ ነው 42 ኪሎ ሜትሩን የሮጠው። ቪኔሽ ግን እነዚያን ሦስት ግጥሚያዎች ስታደርግ ያ ትርፍ 100 ግራም የት ነበር? የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ኦገስት 14 ይግባኟን ሲጥልባት ዳኛዋ ራሳቸው ውጤቱ ከልክ ያለፈ ጭካኔ እንዳለው ጽፈዋል፣ ልጅቷ ምንም የማጭበርበር ሥራ አልሠራችም ብለው።

ሕግ ይከበር፦
ጽፈዋል፣ ግን ፈረዱባት። ደንቡን መቀየር የኔ ሥራ አይደለም ማለታቸው ነው። ደግሞ ባዶ እጇን አልቀረችም፣ የህንዷ ክልል የሀሪያና መንግሥት እንደ ብር ተሸላሚ ቆጥሮ 40 ሚሊዮን ሩፒ ሰጥቷታል፣ ምርጫም ገብታ አሸንፋ ምክር ቤት ተቀምጣለች።

ነርሷ፦
ሩፒውን ማን ጠየቀህ? ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። በትግል ለፍፃሜ በደረሰች ሴት የተሸነፉት ለነሐስ ሌላ ዕድል ያገኛሉ። ሱሳኪና ሊቫች ሁለቱም በቪኔሽ ነው የተሸነፉት፣ ሌላ ማንም አላሸነፋቸውም። ቪኔሽ ጠዋት ተሰረዘች፣ ጉዝማን በሷ ቦታ ፍፃሜ ገብታ በአሜሪካዊቷ ሂልደብራንት ተሸነፈች፣ ብሩን ግን ይዛ ሄደች። ሱሳኪና ሊቫችም እርስ በርስ ተጋጥመው ሱሳኪ 10 ለ 0 ነሐሷን አጠለቀች። እና ሱሳኪ ለዚያ ግጥሚያ የተጠራችው በማን ስለተሸነፈች ነው? ውድድሩ ውስጥ ባልነበረች ሴት?

ሕግ ይከበር፦
እሱን እንዲህ አላየሁትም ነበር። ይሄ የደንቡ ቀዳዳ ነው፣ እሺ። ብሩን ስጧት ግን አሁንም አልልም።

የድሮ ቦክሰኛ፦
ብሩን ተዉትና አንድ ሰው ይንገረኝ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ በስንት ኪሎ ነው የምትወጣው? ልጅም ወልዳለች። 50 ካላችሁኝ እኔ አላይም።