ዎንስቴድ ሃውስ ለምን ፈረሰ? መሬቱ ሳይሸጥ ቤቱ ብቻውንስ እንዴት ሊሸጥ ቻለ?

ጥያቄ

ስለ እንግሊዝ ባላባቶች የገጠር መኖሪያ ቤቶች ሳነብ አንድ ጉዳይ አልገባ ብሎኛል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እነዚህ ቤቶች የፈረሱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ፣ ምክንያቱም የውርስ ግብር መክበዱና ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ የቤት አገልጋይ መጥፋቱ እንደሆነ ነው። ከለንደን በስተምሥራቅ፣ በኤሴክስ የነበረው ዎንስቴድ ሃውስ ግን ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ አጋማሽ፣ ከተሠራ መቶ ዓመት ያህል እንደሆነው ፈርሷል። በዚያን ጊዜ የባላባቱ ሥልጣንም ሆነ የመሬቱ ገቢ ገና አልተነካም ነበር። ታዲያ ከአገሪቱ ታላላቅ ቤቶች አንዱ ድንጋይ በድንጋይ እየተፈታ የተቸበቸበው በምን ምክንያት ነው? መሬቱ በቤተሰቡ እጅ ቀርቶ ቤቱ ብቻ ለአፍራሽ የተሸጠበትን አሠራርስ ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልኝ እጅግ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ መልስ

ጥያቄዎ መልካም ነው። የቤቱን አወዳደቅ ለመረዳት አነሣሡን ማየት ይበጃል። ርስቱን በ1673 የገዛው ሰር ጆሳያ ቻይልድ የዘር ባላባት አልነበረም፤ ለባሕር ኃይል ስንቅ በማቅረብ ከብሮ፣ በኋላም የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ገዥ እስከመሆን የደረሰ ነጋዴ ነው። ጆን ኢቭሊን በ1683 ስፍራውን ጎብኝቶ፣ ቻይልድ በኤፒንግ ደን ዳር በሚገኘው ጠፍ መሬት ላይ የዋልነት ዛፎችን ለማስተከልና የዓሣ ኩሬዎችን ለማስቆፈር ያፈሰሰውን ገንዘብ ካየ በኋላ፣ ድንገት የከበሩ ሰዎች ዘወትር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው ብሎ በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። በቃሉ ውስጥ ንቀት አለበት፤ ሆኖም የንግድ ገንዘብ ወደ መሬትና ወደ ክብር እንዴት ይለወጥ እንደነበር ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ታላቁን ቤት ያሠራው ልጁ ሪቻርድ ቻይልድ ነው። በ1715 ገደማ ሥራውን ለአርክቴክቱ ለኮለን ካምቤል ሰጠ። ካምቤልም የፊት ለፊት ስፋቱ 260 ጫማ፣ ማለትም 80 ሜትር የሚጠጋ፣ መግቢያው እንደ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በስድስት የቆሮንቶስ ዓምዶች የተሸከመ ሕንጻ ነደፈ። ይህ የኢጣሊያዊውን አርክቴክት የፓላዲዮን ሥራ ከሚከተለውና አሁን ፓላዲያን ከሚባለው ስልት ቀደምት ከሆኑት የእንግሊዝ ቤቶች አንዱ ነው። የውስጡን ማስጌጥ ዊሊያም ኬንት ሠራበት፤ ሠዓሊው ሆጋርትም ቤተሰቡንና እንግዶቹን በአንደኛው አዳራሽ ተሰብስበው ሥሏቸዋል። ሪቻርድ ቻይልድ በ1731 የቲልኒ ኧርል ሆነ። በሁለት ትውልድ ውስጥ የነጋዴው ቤት የመኳንንት ቤት ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የወራሽ እጦት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ኧርል በኢጣሊያ ሲኖር ቆይቶ በ1784 ያለ ልጅ ሞተ፤ ርስቱም ወደ እኅቱ ልጅ ወደ ሰር ጄምስ ቲልኒ-ሎንግ ተላለፈ። የእርሱ ብቸኛ ወንድ ልጅ በ1805 በ11 ዓመቱ ሲሞት ሁሉም ነገር በእኅቱ በካትሪን እጅ ወደቀ። በእነዚያ ዓመታት ቤቱን ከፈረንሳይ የተሰደደው የኮንዴ ልዑል ተከራይቶት ነበር። ካትሪን በዘመኑ ከመኳንንት ማዕረግ ውጭ ካሉት ሴቶች እጅግ ባለጸጋዋ ትባል ስለነበር፣ ኋላ ዊሊያም አራተኛ ተብሎ የነገሠው የክላረንስ መስፍን ሳይቀር ለጋብቻ ጠይቋታል። እርሷ ግን በ1812 የዌሊንግተን መስፍን የወንድም ልጅ የሆነውን ዊሊያም ዌልዝሊ-ፖልን አገባች። እርሱም በድግስ፣ በአደንና በ1818ቱ የዊልትሻየር ምርጫ ገንዘቧን እንደ ውኃ አፈሰሰው። በ1822 አበዳሪዎቹን ሸሽቶ ከአገር ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የቤቱ ዕቃ በሐራጅ መሸጥ ጀመረ። ሐራጁ 32 ቀን ፈጀ። ቀጥሎም ሕንጻው ራሱ በ10,000 ፓውንድ ለአፍራሾች ተሸጠ፤ እስከ 1825 ድረስም ከቦታው ተነሣ። ካትሪን በዚያው በ1825 ዓመት አረፈች።

ሁለተኛ መልስ

የሕጉን ጉዳይ እኔ ልሞክረው። የእንግሊዝ ታላላቅ ቤተሰቦች ርስታቸው እንዳይበተን በጋብቻ ውል ወይም በኑዛዜ ያስሩት ነበር። በዚህ አሠራር መሬቱን የያዘው ሰው ሙሉ ባለቤት ሳይሆን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ አላባውን፣ ማለትም ገቢውን፣ የሚበላ ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ መሬቱ ገና ላልደረሰው ወይም ገና ላልተወለደው ወራሽ ተጠብቆ ይቆያል። ዌልዝሊ-ፖል ርስቱን ሊሸጥ ያልቻለው ስለዚህ ነው። ሆኖም ሰው በሕይወቱ ዘመን የሚያገኘውን ገቢ አስይዞ መበደር ይችላል። ዕዳው እየከበደ ሲሄድ ታዲያ ወደ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችለው ከመሬቱ ላይ ሊነሣ የሚችለው ነገር ሆነ፤ ሥዕሉ፣ ወንበሩ፣ መጽሐፉ፣ በመጨረሻም ድንጋዩ፣ እርሳስ የሚባለው ማዕድንና የወለሉ ሳንቃ።

ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት መድኃኒት አልነበረውም ማለት አይደለም። በዱራም ግዛት ያለው የሬቢ ግንብ ታሪክ ለዚህ ይጠቀሳል። ጌታ ባርናርድ ከልጁ ጋር በመጣላቱ ሠራተኞች ቀጥሮ የግንቡን እርሳስ፣ ብረት፣ መስኮትና በር ማስነቀል ጀመረ። ልጁ ከሰሰው፤ ፍርድ ቤቱም በ1716 አባትየው ጥፋቱን እንዲያቆምና ግንቡን ወደ ነበረበት እንዲመልስ አዘዘ። ሬቢ ዛሬም ቆሟል። በዎንስቴድ ግን የወራሹ ልጅ ዕድሜ ገና አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ አፍራሾቹን ያስቆመ ትእዛዝም አልወጣም። በእኔ ግምት የነገሩ መራራነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ርስትን ለልጅ ለማቆየት ተብሎ የተሠራ ሥርዓት፣ ልጁ የሚኖርበትን ቤት አስቀድሞ እንዲጠፋ አደረገ።

ከጠያቂዋ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአላባው ማብራሪያ ብዙ ነገር አብርቶልኛል። እንዲህ ከሆነ የዎንስቴድ መፍረስ የአንድ አባካኝ ባል ጥፋት ብቻ ነው ማለት ነው? ወይስ ኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረሱት ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ሦስተኛ መልስ

ባልየውን ነጻ ማውጣት አይቻልም፤ በ1827 ፍርድ ቤት ልጆቹን እንዳያሳድግ የከለከለው ሰው ነው፤ በ1857 የሞተውም በድህነት ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ከጫንነው ስለ ቤቶቹ ራሳቸው የምንማረው ነገር አይኖርም። እነዚህ ቤቶች ገቢ አያስገኙም ነበር፤ ሌላ ቦታ የሚመነጭ ገንዘብ ይበላሉ እንጂ። ያ ገንዘብ ሲቋረጥ ወይም ቤቱ ለነዋሪው የማይመች ሲሆን ከዕቃነቱ የዘለለ ዋጋ አይቀርለትም።

በስታፎርድሻየር የነበረው ትሬንተም ሆል ጥሩ ማነጻጸሪያ ይመስለኛል። የሳዘርላንድ መስፍኖች ቤት ነበር፤ በ1830ዎቹ እንደገና የነደፈው የለንደንን የፓርላማ ሕንጻ የነደፈው ቻርልስ ባሪ ነው። ባለቤቶቹ አልከሰሩም፤ በብሪታንያ ትልቁን መሬት የያዙ ሰዎች ነበሩ። ያስለቀቃቸው ሽታ ነው። በአትክልቱ በኩል የሚያልፈው የትሬንት ወንዝ ከላይ ካሉት የሸክላ ፋብሪካ ከተሞች ፍሳሽና ቆሻሻ ይዞ ይመጣ ስለነበር ቤተሰቡ በ1905 ትቶት ሄደ፤ ከ1912 ጀምሮም አብዛኛው ሕንጻ ፈረሰ። የማማው አናት ተነቅሎ እዚያው ግዛት ውስጥ ወዳለው ወደ ሳንደን ሆል ተወስዷል፤ አሁንም በዚያ ይታያል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሆነው ይኸው የገቢ መድረቅ በአንድ ጊዜ በሁሉም ላይ መድረሱ ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ እህል የእንግሊዝን የእህል ዋጋ አወረደው፤ የመሬት ኪራይም አብሮ ወረደ። በ1882 የወጣው ሕግ አላባ በዪው መሬቱን እንዲሸጥ ፈቀደለት፤ ዋናውን መኖሪያ ቤት ለመሸጥ ግን የባለአደራዎች ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ እርሻው እየተሸጠ ቤቱ ያለ ደጋፊ ቀረ። በ1894 ሲጀመር ከፍተኛው 8 በመቶ የነበረው የውርስ ግብር በ1919 በትልልቆቹ ርስቶች ላይ 40 በመቶ ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የሰፈረባቸው ቤቶች ተጎድተው ተመለሱ፤ የማፍረሱ ሥራም በ1955 ጣራ ነካ። ጥበቃ የተመዘገበለትን ሕንጻ ያለ ፈቃድ ማፍረስን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ለብዙዎቹ ዘግይቷል።

አራተኛ መልስ

ስፍራውን ለማየት ለሚፈልግ፦ የለንደን ከተማ አስተዳደር ከርስቱ የቀረውን ፓርክ በ1880 ገዝቶ በ1882 ለሕዝብ ከፍቶታል። ኩሬዎቹ፣ ዘ ቴምፕል የሚባለው የአትክልት ቤትና በ1884 የተቃጠለው የግሮቶ (ሰው ሠራሽ ዋሻ) ፍርስራሽ አሉ። የቀድሞው የፈረስ ጋጣ ዛሬ የጎልፍ ክበብ ነው፤ ቤቱ የቆመበት ቦታም በጎልፍ ሜዳው ላይ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። የሕንጻውን መልክ ለመገመት ግን ወደ ዮርክሻየር መሄድ ይሻላል፤ የዌንትወርዝ ውድሃውስ ምሥራቃዊ ፊት ለፊት ዎንስቴድን አርአያ አድርጎ የተሠራ ነው። እርሱም ለመፍረስ ተቃርቦ ነበር፤ በ2017 አንድ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ገዝቶት አሁን በጥገና ላይ ይገኛል፤ ለጎብኚም ክፍት ነው።